ዓይነ ስውሩ ሊቅ እና 2147483647

በርእሱ ላይ ያለው የስልክ ቁጥር አይደለም። 31 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን ያረጋገጠው የ65 ዓመት ዓይነ ስውር ነው ቢባል ማን ያምናል?

ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ስለነበሩ እሱም ቄስ እንዲሆን ይመኙ ነበር። ነገር ግን ዮሐን በርኑሊ የተባለው ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀበለ ያልገባውን ያብራራለት ስለነበር የልጁ ልብ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ20 ዓመቱ ሩሲያ ሄዶ የፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ገባ። 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ከ1741 እስከ 1766 በርሊን ሠርቶ ወደ ፒተርስበርግ ቢመለስም ብዙ ሳይቆይ ግራውም ታወረ። በ1771 ደግሞ ቤቱ ተቃጠለ፤ አንድ ያገሩ ሰው ተሸክሞ ባያወጣው ኖሮ እዚያው አብቅቶለት ነበር።

ከዚያ በኋላ እሱ እየተናገረ ልጆቹና ረዳቶቹ ይጽፉለት ጀመር። ሥራው ግን አልቀነሰም።

አሁን ወደ ቁጥራችን እንመለስ። መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ይህን ቁጥር ከብቸኞቹ ጎራ መድቦት ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጠም። መርሴን ትልቅ ሰው ነው ብሎ ዝም ማለት ይቻላል? አይቻልም! በዚያው ዝርዝር ውስጥ ሁለቱን 67 ጊዜ አባዝቶ 1 የቀነሰው ቁጥር ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል እኮ። እኔም ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ 91 ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ 7 ጊዜ 13 አለኝና ላብ አጠመቀኝ።

ታዲያ ኦይለር ምን አደረገ? አካፋይ ካለው አንዱ ከ46341 በታች መሆን አለበት፤ ሁለቱም ከዚያ ከበለጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋላ። እስከዚያ ድረስ ከ4700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህን ሁሉ ማካፈል አድካሚ ነው። ኦይለር ግን የዚህ ቁጥር አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ መሆን እንዳለበት አገኘ። በዚህ ወንፊት ያለፉት ከ380 ያንሳሉ፤ ከነሱም ብቸኞቹን ብቻ መሞከር ይበቃል። የመጀመሪያው 311 ነው። አካፍላችሁ እዩት፣ 35 ይተርፋል። አንዱም እኩል አላካፈለውም። ውጤቱን በ1772 ለዚያው ለመምህሩ የልጅ ልጅ በደብዳቤ ገለጠ። ከ70 ዓመት በላይም ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልተገኘም።

ኦይለር የሞተው መስከረም 18 ቀን 1783 እ.ኤ.አ. በ76 ዓመቱ ነው። በዚያን ቀን ጠዋት ለልጅ ልጁ ሒሳብ አስተምሮ ነበር።