ስቴፈን ፓጄት፦ ዘሩን ትቶ አፈሩን የጠየቀ ሐኪም

ስቴፈን ፓጄት በ1855 እ.ኤ.አ. የተወለደው ስመ ጥር ከነበረው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ከሰር ጄምስ ፓጄት ነው። የአባቱ ስም በጡትና በአጥንት ሕመሞች መጠሪያነት እስከ ዛሬ ሲነሣ፣ ልጁ በዋነኛነት የሚታወሰው በአንድ አጭር ጽሑፍ ነው።

በዘመኑ የካንሰር ሥርጭት በደም ፍሰት ብቻ የሚወሰን ይመስል ነበር። ፓጄት በ1889 በዘ ላንሴት መጽሔት ባወጣው ጥናት በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሕሙማንን የአስከሬን ምርመራ መዛግብት አገናዘበ። በጉበት ላይ 241፣ በጣፊያ ላይ ግን 17 ብቻ ሁለተኛ ዕጢዎች ተመዝግበው አገኘ። ጣፊያም ብዙ ደም የሚደርሰው አካል ነውና ልዩነቱ በደም ፍሰት ሊፈታ አልቻለም። ስለዚህ የካንሰር ሴልን በዘር፣ ተቀባዩን አካል በአፈር መሰለ። ከእርሱ በፊት ኤርንስት ፉክስ ተቀራራቢ ሐሳብ ማቅረቡን ፓጄት አልሸሸገም፤ ይህ ለታማኝነቱ ይመሰገናል። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ አሲዳማ ማሳውን በኖራ የሚያክም ገበሬ ምሳሌውን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ፓጄት ኋላ ከቀዶ ሕክምና ርቆ ወደ ድርሰት አዘነበለ፤ የጆን ሃንተርንና የአምብሯዝ ፓሬን የሕይወት ታሪክ ጻፈ። በ1908 በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚከላከል ማኅበር መሠረተ። በ1926 ሲሞት መላ ምቱ አልተረጋገጠም ነበር። በ1928 ጄምስ ዩዊንግ ሥርጭቱን የሚወስነው የደም ሥሮች አቀማመጥ ነው ሲል ተቃራኒውን አጸና፤ ይህም አመለካከት ለአሥርተ ዓመታት ገነነ።

የፓጄትን ሐሳብ ያነሡት፣ እርሱ በተሟገተለት መንገድ፣ አይጦች ናቸው። በ1980 ሃርትና ፊድለር ከተፈጥሮ ቦታቸው ውጭ የሳንባ፣ የእንቁልጢና የኩላሊት ሕብረ ሕዋሳትን ተከሉ፤ የሜላኖማ ሴሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ሲያድጉ በኩላሊቱ ላይ አላደጉም።

አፈሩ ከምን እንደተሠራ ፓጄት የሚያውቅበት መሣሪያ አልነበረውም። ዛሬ ከአፈሩ ዋና ዋና ክፍሎች መካከል ፕሮቲዮግላይካኖች ይገኛሉ፤ እነዚህም በፕሮቲን ግንድ ላይ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች የተቀጠሉባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። የሄፓራን ሰልፌት ሰንሰለቶች የእድገት ፋክተሮችን አቅበው ይይዛሉ፤ ሄፓራኔዝ የተባለው ኤንዛይም ሲቆርጣቸው የተከማቸው ይለቀቃል፣ ዕጢውም አዲስ የደም ሥር ያበቅላል። ነገር ግን አፈሩ ሁልጊዜ ለዘሩ አያደላም። ቨርሲካን ሥርጭትን ሲያግዝ፣ ዴኮሪን የቲጂኤፍ-ቤታን ምልክት አፍኖ የዕጢን እድገት ይገታል።