ከቶኪዮ በፊት የነበሩት 35 ቀናት፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የማራቶን ዝግጅት

ሻምበል አበበ ቢቂላ የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው የቀዶ ሕክምና በተደረገለት በ35ኛው ቀን ነበር። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ይኸው አትሌት፣ ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አጠናቆ በወቅቱ የዓለም ምርጥ የሆነውን ሰዓት አስመዝግቧል።

ይህ ድል በተነሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው የአትሌቱ ጽናት ነው። ከውድድሩ በፊት የነበሩት ሳምንታትም ግን የራሳቸው ትምህርት አላቸው። አበበ ተፎካካሪዎቹ ልምምዳቸውን በሚያጠናቅቁበት ወቅት ከሕክምና አልጋ ላይ ነበር። በእነዚያ ቀናት ሳይሮጥ የቀረው ርቀት ለዓመታት ያካበተውን ብቃት አላሳጣውም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው ጃቶ ተወለደ። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደበት ቀን ነበር። ልጅነቱን እንደ አካባቢው ልጆች ከብት በመጠበቅ ካሳለፈ በኋላ በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ሩጫን በሥርዓት የተማረውም በዚያው በውትድርና ሕይወቱ ሲሆን፣ አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ።

የኒስካነን ሥልጠና ረጅም ርቀትን፣ የአገር አቋራጭ ሩጫንና በእረፍት የተከፋፈሉ ፈጣን ዙሮችን ያቀናጀ ነበር። አበበ ከሮም ኦሊምፒክ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ በተካሄደ ማራቶን 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ በመግባት ለውድድሩ መብቃቱን አስመሰከረ። ይህ ሰዓት በከፍታ ቦታ የተመዘገበ ቢሆንም የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር።

የሮሙ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በማምሻው በተጀመረው ውድድር አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ከአክሱም ተወስዶ በሮም በቆመው ሐውልት አጠገብ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ በመውጣት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በዚህም በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጉዞ ሁሉ የድል ብቻ አልነበረም። ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም በቦስተን ማራቶን የውድድሩን ሰፊ ክፍል ከመሪዎቹ ጋር ከሮጠ በኋላ ተዳክሞ 5ኛ ሆነ። አበበ በአትሌትነት ዘመኑ ዓለም አቀፍ ማራቶን ጨርሶ ያላሸነፈው በዚህ ውድድር ብቻ ነው።

ለቶኪዮ የሚደረገው ዝግጅት ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በልምምድ ላይ ሳለ ሕመም ተሰማው። የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑ በመታወቁም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ማራቶን መሮጥ ይቅርና መሰለፉ እንኳ አጠራጣሪ ነበር። አበበ ከሕክምናው ሳያገግም በሆስፒታሉ ግቢ በሌሊት ሶምሶማ መሮጥ መጀመሩ ይነገራል። ከዚያም ከቡድኑ ጋር ወደ ጃፓን ተጉዞ ሰውነቱ በፈቀደለት መጠን ልምምዱን ቀጠለ።

በውድድሩ ዕለት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና አየርላንዳዊው ጂም ሆጋን በፈጣን አጀማመር ቢመሩም አበበ ተራ በተራ ቀደማቸው። ግማሹን ርቀት ካለፈ በኋላ ተከታታዮቹን እያራቀ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ የደረሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። የጃፓኑ ኮኪቺ ፁቡራያ ሦስተኛ ወጣ። አበበ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹን አስደንቋል። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው አትሌትም ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ቀዶ ሕክምና የዝግጅት ዘዴ ሊሆን አይችልም፤ የአበበን የመሰለ ብቃትም ለሁሉም አይሰጥም። ይሁን እንጂ የቶኪዮው ድል ዛሬ የስፖርት ሳይንስ ከደረሰበት ግንዛቤ ጋር የሚጣጣም ነው። በረጅም ጊዜ ልምምድ የተገነባ የልብ፣ የሳንባና የጡንቻ አቅም በጥቂት ቀናት እረፍት አይፈርስም። በሌላ በኩል በልምምድ የደከመ ሰውነት ድካሙን አራግፎ የተገነባውን አቅም ለመጠቀም ጊዜ ያስፈልገዋል።

በዚህም ምክንያት ለማራቶን የሚዘጋጁ ሯጮች በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የሚሮጡትን ርቀት ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ይመከራል። በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው አካሄድ ለሁለት ሳምንታት ያህል የልምምዱን መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ መቀነስ ነው። የሚቀነሰው ርቀቱ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። በሳምንት የሚወጣባቸው ቀናትም በእጅጉ አይቀነሱም። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በዚህ ወቅት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢሮጥና ጥቂት አጫጭር ፈጣን ሩጫዎችን ቢጨምር በቂው ነው። በእነዚህ ቀናት የተጎዱ የጡንቻ ክሮች ይጠገናሉ፤ ለረጅም ሩጫ ኃይል የሚሰጠው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችትም በጡንቻና በጉበት ውስጥ ይሞላል።

ይህ ምክር ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ለሚሮጡ ሰዎች ይበልጥ ይጠቅማል። በማለዳ ከሥራ መግቢያ ሰዓት በፊት ልምምድ የሚሠራ ሠራተኛ በመስክ ሥራ፣ በበጀት መዝጊያ ወይም በሕመም ምክንያት የተወሰኑ ሳምንታት ሊያልፉት ይችላሉ። የተለመደው ስሕተት ያለፈውን ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ለማካካስ መሞከር ነው። በእነዚህ ቀናት የሚጨመር ከባድ ልምምድ ለውድድሩ ቀን የሚደርስ ብቃት አያስገኝም፤ ትርፉ ድካምና ጉዳት ነው። ልምምድ ሲቀነስ እግር የከበደና ብቃት የወረደ መስሎ መታየቱ በብዙ ሯጮች ላይ የሚያጋጥም ስሜት በመሆኑ ሊያስደነግጥ አይገባም።

የአበበ ሕይወት የጉዳዩን ሌላ ገጽታም ያሳያል። ከ1959 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የእግር ጉዳት ተደጋግሞበታል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ሲቲ ለሦስተኛ የኦሊምፒክ ድል የተሰለፈውም ጉዳት ያለበትን እግሩን ይዞ ነበር። ርቀቱን ሳያጋምስ ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደደ። የዕለቱን ድል ለኢትዮጵያ ያስገኘው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነው። በቶኪዮ ቁስሉ የዳነለትና ያረፈ ሰውነት ድል ሲያስገኝ፣ በሜክሲኮ ያልዳነ አጥንት ያንኑ ጽኑ ሰው አስቆመው። ጽናት ከጤና ጋር ካልተጣመረ ብቻውን ማራቶንን አያስጨርስም።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ምሽት አበበ ሲያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ተገልብጣ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ዳግም በእግሩ መሄድ አልቻለም። ከስፖርት ግን አልራቀም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተካሄደ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ በተፈጠረ የደም መፍሰስ ሕይወቱ አለፈ። ሥርዓተ ቀብሩ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተፈጸመ። በስሙ የተሰየመው ስታዲየም በአዲስ አበባ ይገኛል።

ከሮም እስከ ቶኪዮ አራት ዓመታት አልፈዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው እስከ ውድድሩ ደግሞ 35 ቀናት። በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ የታየው ብቃት የተገነባው በአራቱ ዓመታትና ከዚያም በፊት በነበረው ሥልጠና ነው። የመጀመሪያውን ማራቶን ለመሮጥ የተዘጋጀ ማንኛውም ሰውም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሊያደርግ የሚገባው በሚገባ መተኛት፣ በአግባቡ መመገብና አስቀድሞ በሠራው መተማመን ነው።