ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የንግድ ሚዛን

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከተነሡት የኢትዮጵያ ሊቃውንት መካከል የሀብትን አመጣጥና አካሄድ በአማርኛ በመመርመር ቀዳሚውን ስፍራ የያዙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ዛሬ የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ሊቃውንት ዓለም አቀፍ የምርት መረብ ብለው የሚያጠኑት ጉዳይ ዋናው ጥያቄ በእርሳቸው ሥራ ውስጥ አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ዘመኑ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወሰው ረኃብ አገሩን ያራቆተበት ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ተሰድደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የነበረውን የስዊድን ሚስዮን ተጠጉ። ከዚያ መርከብ ሊያዩ ወጥተው በዚያው ተጭነው ኦስትሪያ ገቡ፤ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ እጅ አድገው በርሊን ላይ ሕክምና ተማሩ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ካገለገሉ በኋላ፣ ጥቂት ዘመን በሱዳን በስደት ቆዩ። በ1904 ዓ.ም. የታተመው አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ጽሑፋቸው ግብር፣ ገንዘብና ጉምሩክ በሥርዓት እንዲያዙ፣ ኢትዮጵያም የጃፓንን ፈለግ እንድትከተል የሚያሳስብ ነበር። ቀጥሎም የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ በመጨረሻም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ይህ ሹመት ለተመራማሪ ዓይናቸው የተመቸ ነበር። ባቡሩ ቡናና ቆዳ ጭኖ ይወርዳል፤ ጨርቅና ሌላም የፋብሪካ ሥራ ጭኖ ይመለሳል። ነጋድራሱ ይህን ልውውጥ በብር ብቻ ሳይሆን በሥራ ቀን መዘኑት። ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሠራውን፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ በብዙ ቀን ድካሙ ይገዛዋል። ልውውጡ በፈቃድ የተደረገ ቢመስልም፣ አዋቂው ባለጸጋ፣ ያላወቀው አገልጋይ ሆነው ይቀራሉ።

ሐሳባቸውን ከምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ ላይ አኑሮ መመልከት ይቻላል። በዚያ ዘመን በዛሬይቱ መካነ ሰላም አካባቢ አንድ የቦረና ገበሬ የበግ ቆዳ ሸጠ ቢባል፣ ቆዳው በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት እስከ ወደብ ይጓዛል። ማልፋቱ፣ መስፋቱና መሸጡ በባዕድ አገር ስለሚፈጸም፣ በየደረጃው የሚጨመረው ዋጋ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ገበሬውን የሚጎዳው የውጭው ነጋዴ ብቻ አይደለም። ነጋድራሱ የኬላውን ብዛት፣ የወታደሩን ዘረፋና የትምህርትን እጦት አጥብቀው የነቀፉት፣ የድህነቱ ሥር በውጭም በውስጥም መሆኑን ስላዩ ነው።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋና መጽሐፋቸው የታተመው ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 በመሆኑ፣ የዓለም ሊቃውንት ወደዚሁ ጥያቄ የደረሱት በሌላ ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ ሻጭ አገሮች ከፋብሪካ ዕቃ ሻጮች ጋር ሲነግዱ ውለው አድረው እንደሚጎዱ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሆፕኪንስና ዎለርስታይን የሸቀጥ ሰንሰለት የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጌሪ ጄረፊ ሰንሰለቱን የሚመሩት ታላላቅ ገዢዎችና አምራቾች መሆናቸውን በሰፊው አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በማንቸስተር የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ሰንሰለት የሚለው ቃል ጠባብ ነው ብለው መረብ አሉት። ምክንያቱም መንግሥት፣ ሠራተኛና አካባቢው ራሱ ዋጋው የት እንደሚፈጠርና በማን እጅ እንደሚቀር ለመወሰን ድርሻ አላቸው። ኬላንና ወደብን፣ ሹምንና ነጋዴን በአንድነት ለመረመሩት ነጋድራስ ይህ እንግዳ ሐሳብ ባልሆነባቸው ነበር።

ጥያቄው በወሎ ምድር ዳግመኛ ተፈትኗል። በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ ክፍለ ሀገሩ ከዓለም የልብስ መረብ ጋር ተያያዘ። ስፌቱ በኮምቦልቻ ቢሆንም፣ የልብሱ ንድፍ፣ የንግድ ምልክቱና ገበያው በውጭ ኩባንያዎች እጅ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስታቋርጥ፣ መርፌ በያዘውና ትእዛዝ በሚሰጠው መካከል ያለው ርቀት በግልጽ ታየ።

ነጋድራሱ ለዚህ ያዘዙት መድኃኒት ከዓለም ንግድ መሸሽ አልነበረም። ሕዝቡ ዕውቀት እንዲቀስም፣ መንግሥትም ሥርዓት ይዞ የሠራተኛውን ድካም እንዲጠብቅ ነበር። ከመካነ ሰላም ደጋ የሚወርደው ምርት ስንት ደረጃ በአገሩ ልጆች እጅ እንደሚያልፍ መቁጠር፣ ያን መድኃኒት መመርመሪያው የመጀመሪያ ሥራ ነው።