የግሬስ ሆፐር ሕይወትና የመኪኖች ቋንቋ

የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ጉዳዩን ለኢንጂነሮች ትተን ዘወር ማለት ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ የግሬስ ሆፐር ታሪክ የቋንቋ ታሪክ ስለ ሆነ እኛንም ይመለከተናል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኚህ ሴት በ1906 በኒውዮርክ ተወልደው በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በቫሳር ኮሌጅ ሲያስተምሩ ጦርነቱ ስለ ደረሰ በ1943 በባሕር ኃይል ተጠባባቂነት ገቡ፤ በማግሥቱም ዓመት ማርክ 1 ወደሚባለው የሃርቫርድ የስሌት መኪና ተመደቡ።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መኪና የገዛ ራሱ የትእዛዝ ቁጥር ነበረው። ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው አይገባውም፤ ስለዚህ አዲስ መኪና በተገዛ ቁጥር የብዙ ሰዎች ድካም ከአሮጌው ጋራ አብሮ ይጣል ነበር። በዚህም ላይ የተፈተነውን የትእዛዝ ቁራጭ ከደብተር ሲገለብጡ ስሕተት ይበዛል። ሆፐር በ1952 ያበጁት ኤ ዜሮ የተባለው ፕሮግራም ግን ቁራጮቹ በቴፕ ላይ በላይብረሪ ተቀምጠው፣ በቁጥር ሲጠሩ መኪናው ራሱ አሰባስቦ እንዲያገጣጥማቸው አደረገ። ኮምፓይለር የሚለው ስም ከዚሁ ከማሰባሰብ የመጣ ነው።

ቀጥለው ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ቃላት ይጻፍ ቢሉ፣ መኪና እንግሊዝኛ አያውቅም ተባሉ። እርሳቸው ግን ፍሎውማቲክ የተባለውን ቋንቋ ሠርተው አሳዩ። በ1959 የመንግሥትና የኩባንያ ሰዎች ተሰብስበው ኮቦልን ማዘጋጀት ሲጀምሩ ዋና መሠረት የሆናቸው ይኸው ነበር። ሆፐር አማካሪ ስለ ነበሩ ግን ኮቦልን ብቻቸውን ፈጠሩት ማለት ማጋነን ይመስለናል።

በኮቦል ውስጥ እኛን ያስደነቀን አንድ ክፍል አለ። ፕሮግራሙ የሚዘጋጅበት መኪና፣ የሚሠራበት መኪና፣ እያንዳንዱ ፋይል የሚነበብበት መሣሪያ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ለብቻው ይመዘገባል፤ የሥራው ሐተታ በሌላ ምዕራፍ ነው። መኪናው ሲለወጥ በተለይ የሚታረመው ያ የመኪናው ምዕራፍ ነው። በዲሴምበር 1960 አንዱ ፕሮግራም በጥቂት ማስተካከያ ብቻ በአርሲኤ 501ም በዩኒቫክ 2ም ላይ ሠራ፤ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መኪኖች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ዳሩ ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በኮቦል ላይ የራሱን ለዛ ይጨምር ጀመር። የጎጃምና የሸዋ ሰው ለዛው ቢለያይም ይግባባል፤ መኪና ግን ይህ ዕድል የለውም። ባሕር ኃይሉ ጡረታ የወጡትን ሆፐርን በ1967 ለስድስት ወር ብሎ ጠራቸው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋራም የየኩባንያውን ኮምፓይለር የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። ስድስት ወሩ ረዝሞ በመጨረሻ በ1986 በሪር አድሚራል ማዕርግ ሲሰናበቱ ዕድሜያቸው 79 ነበረ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን ተቀበሩ።