ቫስላቭ ኒጂንስኪ

ቫስላቭ ኒጂንስኪ (1889 ወይም 1890 – ኤፕሪል 8 ቀን 1950 እ.ኤ.አ.) ከፖላንዳውያን ወላጆች በኪየቭ የተወለደ የባሌት ዳንሰኛና የዳንስ ደራሲ ነበረ። በዘመኑ ከነበሩት ወንድ ዳንሰኞች ሁሉ እጅግ ዝነኛው ነው። በስኪዞፍሬኒያ ሲታመም የጻፈው ማስታወሻ ደግሞ፣ ሕመምተኛው የሌሎችን ርኅራኄና እርዳታ እንዴት እንደሚያየው ስለሚያሳይ በሥነ አእምሮ ሕክምናም ይጠቀሳል። (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዳንስ ሕይወት

ወላጆቹም ዳንሰኞች ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ስታኒስላቭ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ስለገባ፣ ቫስላቭ እንዲህ ያለውን ቦታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ ባሌት ትምህርት ቤት ተምሮ በ1907 ጨረሰ። ከ1909 ጀምሮ በሰርጌይ ዲያጊሌቭ ቡድን ውስጥ በዝላዩ ፓሪስን አስደነቀ። በ1913 በስትራቪንስኪ ሙዚቃ ያቀናበረው «የጸደይ ሥርዓት» አዳራሹን በጩኸት ሞላው። በዚያው ዓመት ሃንጋሪያዊቷን ሮሞላ ደ ፑልስኪን ሲያገባ ዲያጊሌቭ ከሥራ አሰናበተው።

ሕመሙና ማስታወሻው

ጃንዋሪ 19 ቀን 1919 በስዊዘርላንድ ሴንት ሞሪትዝ በአንድ ሆቴል ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ጨፈረ። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመልካቹን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ፤ ከዚያ ጦርነቱን በዳንስ አሳየ። በዚያው ቀን የጀመረውን ማስታወሻ ለስድስት ሳምንታት ያህል፣ በአብዛኛው በሩሲያኛ፣ ጻፈ።

በማስታወሻው ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው በማሰብና በስሜት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሚስቱ እንደምትወደው ያውቃል፤ ነገር ግን እሷ ስለ እሱ ታስባለች እንጂ የሚሰማው ነገር አይሰማትም ብሎ ያዝናል። ዶክተር ፍሬንከል እየመጣ ሲጠይቀው እየተመረመረ መሆኑን ይገነዘባል። ሆስፒታል እንዳያስገቡት ይፈራል። ቤተሰቡ ተጨንቆ የሚያደርገው ነገር ለእሱ ክትትል ሆኖ ይታየዋል። ይህን የሕመሙ ምልክት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ በእርግጥም ይከታተሉት ነበርና። ራሱን ከእግዚአብሔር ጋር አንድ አድርጎ የሚጽፍባቸው ገጾች ግን ሕመሙ ምን ያህል እንደጠናበት ያሳያሉ።

በማርች 1919 ወደ ዙሪክ ተወስዶ፣ «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም ያወጣው ኦይገን ብሎይለር መረመረው። ብዙም ሳይቆይ በክሮይትስሊንገን ወደሚገኘው የሉድቪግ ቢንስቫንገር ሆስፒታል ገባ። የፈራው ደረሰ።

ኋለኞቹ ዓመታት

ሰዎች እሱን ለመመለስ ያልሞከሩት የለም። በ1928 ዲያጊሌቭ ራሱ ወደ ፓሪስ ኦፔራ ወስዶ፣ ኒጂንስኪ በአንድ ወቅት ዋናውን ሚና የተጫወተበትን «ፔትሩሽካ» አሳየው፤ ለውጥ አልመጣም። ከ1938 ጀምሮ በኢንሱሊን ራስን የሚያስት ሕክምና ተሰጠው፤ ይህ ሕክምና ዛሬ ቀርቷል። በ1939 ዳንሰኛው ሰርጅ ሊፋር ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ፊቱ ሲጨፍር ግን ኒጂንስኪ በድንገት ዘለለ፤ ዝላዩም በፎቶግራፍ ተቀርቷል። ሮሞላ እንደተረከችው፣ በ1945 የሩሲያ ወታደሮች ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ሲያይም አብሯቸው ጨፍሯል። ወታደሮቹ ሊያክሙት አልመጡም ነበር።

ሮሞላ እስከ ሞቱ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አስታመመችው። ማስታወሻውን በ1936 ስታሳትም ግን ብዙ ክፍል ቆርጣ፣ ቅደም ተከተሉንም ቀይራ ነው፤ ሙሉው በእንግሊዝኛ የታተመው በ1999 ነው። ኒጂንስኪ ለንደን ውስጥ ሞቶ በዚያው ተቀበረ፤ በ1953 አስከሬኑ ፓሪስ ወደሚገኘው የሞንማርትር መቃብር ተዛወረ።