ሐበሻዊቷ አሳዳጊ፦ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.)



ስለ ሐበሻና ስለ እስልምና ሲነሳ አፋችን ላይ የሚቀድመው የንጉሥ ነጃሺና የቢላል (ረ.ዐ.) ስም ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። ነገር ግን ነጃሺ ሙሃጅሮችን ከመቀበላቸው፣ ቢላልም ለመጀመሪያ ጊዜ አዛን ከማድረጉ ከአርባ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ፣ አንዲት ሐበሻዊት በመካ ከተማ ሕፃኑን ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) አቅፋ ነበር። ስሟ በረካ ቢንት ሠዕለባ ይባላል። በታሪክ የምትታወቀው ግን በበኩር ልጇ ስም፣ ኡሙ አይመን ተብላ ነው።

የእሷን ሕይወት ለዚህ እትም የመረጥነው ሐበሻዊት በመሆኗ ብቻ አይደለም። አንድ ትንሽ ልጅ ማሰብን፣ ደግና ክፉን መለየትን፣ ከሰው ጋር መኖርን የሚማረው ከማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የእሷን ሕይወት ያህል ጥርት ያለ መልስ የሚሰጥ ታሪክ ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ የእኛ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን አዋሽም ሆነ ሰመራ ስንሆን ለሕፃናት አሊፍ ባ ታ እናስቀራለን፤ ታናናሾቻችንን እናስጠናለን፤ ነገ ደግሞ ኢንሻአላህ አባትና እናት እንሆናለን።

ከአባት የተረፈች ውርስ

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አባት ዐብዱላህ ልጃቸውን ሳያዩ ነው የሞቱት። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት የተዉት ሀብት ትንሽ ነበር፤ አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎች፣ አንዲት ሐበሻዊት አገልጋይ። ያቺ አገልጋይ በረካ ናት። በዚያ ዘመን እሷን የመሰለ ሰው ከግመልና ከበግ ጋር አብሮ ይቆጠር ነበር። ከውርሱ ሁሉ ለየቲሙ ልጅ የጠቀመችው ግን እሷ ሆነች።

ነቢዩ እ.ኤ.አ. በ570 አካባቢ፣ በዝሆኑ ዓመት ተወለዱ። በመካ ልማድ መሠረት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በገጠር፣ በሐሊማ አስ-ሰዕዲያ ዘንድ አሳለፉ። ወደ እናታቸው ወደ አሚና ሲመለሱ በቤት ውስጥ የጠበቀቻቸው ሌላዋ ሴት በረካ ነበረች።

የአብዋእ መንገድ

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አሚና ልጃቸውን ይዘው ወደ የሥሪብ፣ ወደ በኑ ነጃር ዘመዶች ተጓዙ። በረካም አብራ ሄደች። እዚያ አንድ ወር ያህል ቆዩ። ነቢዩ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይተው በሂጅራ ወደዚያው ከተማ ሲገቡ ያረፉበትን ቤት እንዳስታወሱ፣ በዘመዶቻቸው ኩሬ ዋና መልመዳቸውንም እንደተናገሩ ኢብኑ ሰዕድ ዘግበዋል። ለትልቅ ሰው ኢምንት የሚመስል አንድ ወር ለስድስት ዓመት ልጅ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነገር ይሆናል።

በመልሱ ጉዞ አሚና ታመሙና አብዋእ በተባለ ቦታ ሞቱ። እዚያ በረሃ ላይ አንድ እናቱ የሞተችበት ልጅና አንዲት ወጣት ሴት ብቻቸውን ቀሩ። ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስንመጣ ከሚሌ በፊት ያለውን ሜዳ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን የመሰለ አገር አስፋልት በሌለበት፣ በግመል፣ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ማለፍ ምን እንደሚመስል እናስብ። በረካ ልጁን መካ አድርሳ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጦሊብ አስረከበች። ሆኖም አስረክባ ዞር አላለችም፤ አብራቸው ቀረች።

ዐብዱል ሙጦሊብ በካዕባ ጥላ ሥር የሚነጠፍላቸው ምንጣፍ ነበራቸው። ልጆቻቸው ከአክብሮት የተነሳ አይቀመጡበትም። ትንሹ ሙሐመድ ግን መጥተው ይቀመጡበት ነበር። አጎቶቻቸው ሊያነሷቸው ሲሞክሩ አያታቸው ይከለክሉና ጀርባቸውን ይዳብሷቸው ነበር። ለበረካም ልጁን ቸል እንዳትል አደራ ይሏት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው እሳቸውም ሞቱ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከአያታቸው ቃሬዛ ኋላ እያለቀሱ ሲሄዱ አይታ የተናገረችው በረካ ናት። ልብ በሉ፤ ይህን ዕንባ ዛሬ የምናውቀው እሷ ስላየችውና ስላልረሳችው ነው።

ከዚያ ተራው የአቡ ጧሊብ ሆነ። ልጅ የበዛበት፣ ሀብት የጎደለው ቤት ነበር። አባት፣ እናት፣ አያት በየተራ ሲሄዱ በልጁ አጠገብ ያልተለወጠ አንድ ፊት ቢኖር የእሷ ፊት ነው።

ነፃነት፣ ትዳር፣ ስደት

ነቢዩ በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ595 አካባቢ፣ ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ በረካን ነፃ አወጧት። ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ የተባለ የኸዝረጅ ሰው አግብታ አይመንን ወለደች። ባሏ ሲሞት ተመልሳ ወደ ነቢዩ ቤት መጣች። ከነቢይነት በኋላ ነቢዩ የጀነት ሴት ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን ያግባ ማለታቸው ይወራል። ያገባት ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ.) ነው። ከእሱም ኡሳማ ተወለደ።

ኡሙ አይመን ከቀደምት አማኞች አንዷ ናት። ወደ መዲና ስትሰደድ ጾመኛ ሆና፣ ስንቅ ሳትይዝ በእግሯ እንደተጓዘች፣ በረሃው መሐል በጥም ስትጨነቅም አላህ እንዳጠጣት ተዘግቧል። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ውሃ ታጠጣ፣ ቁስለኛ ታክም ነበር። በኸይበርም ተገኝታለች። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ባሏ ዘይድ በሙእታ ሸሂድ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን ተገደለ። በአንድ ዓመት ባልና ልጅ ሰጠች።

የነቢዩ አክብሮት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታቸው ቀጥሎ እናታቸው አድርገው ይቆጥሯት፣ እቤቷም ሄደው ይዘይሯት ነበር። በዘገባ እንደመጣው ምላሷ ለዐረብኛ አይፈታላትም ነበር። ሰላምታውን በሙሉ ስትል ትርጉሙ ይዛባባት ስለነበር በአጭሩ ሰላም ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። አንድም ሰው እንዲስቅባት አልተዉም። አጠራራችን ሲሳቅበት ያደግን የአፋር፣ የአርጎባ፣ የወሎ ልጆች ይህን ማወቅ ይጠቅመናል።

ይቀልዱባትም ነበር። መጓጓዣ ስትጠይቃቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጧት ነገሯት። ግልገል ግመል አይችለኝም ብላ ተጨነቀች፤ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑ እስኪገባት ድረስ። ነቢዩ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም ነበር።

ስለ ትዕግሥታቸው ደግሞ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። የአነስ (ረ.ዐ.) ቤተሰብ ለነቢዩ የሰጧቸውን የተምር ዛፎች ነቢዩ ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። ኋላ ባለቤቶቹ መልሰው ሲጠይቁ ነቢዩ ፈቀዱላቸው። እሷ ግን ልብሷን በአነስ አንገት ላይ ጠምጥማ አልሰጥም አለች። ነቢዩ አልተቆጧትም፤ በምትኩ ይህን ያህል፣ ያን ያህል እያሉ ዐሥር እጥፍ ወይም ለዚያ የቀረበ እስኪደርስ ጨመሩላት። በትንሽነታችን ችላን ያሳደገችን እናት ስታረጅና ስትቆጣ መቻል እንዲህ ነው።

ኡሳማ፦ የተርቢያዋ ፍሬ

ኡሳማ በነቢዩ ጉልበት ላይ አደገ። እሱንና የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን በሁለት ጭኖቻቸው ላይ አስቀምጠው ለሁለቱም ዱዓ ያደርጉ ነበር። አባቱ ቀይ፣ እሱ ጥቁር ስለነበር በዘሩ ላይ ሐሜት ይወራ ነበር። እግር አይቶ ዘር የሚለይ አንድ ሰው የሁለቱን እግር ብቻ አይቶ አባትና ልጅ መሆናቸውን በመሰከረ ዕለት ነቢዩ ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር።

ፍቅሩ ግን ጥፋት ሲያጠፋ ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። ለሰረቀች የታላቅ ጎሳ ሴት ሊያማልድ ሲመጣ ነቢዩ ገሠጹት፤ ሕግ በወገን እንደማይለወጥ ተማረ። በጦር ሜዳ ሸሃዳ የተናገረን ሰው ፈርቶ ነው ብሎ ሲገድል ደግሞ የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ መፍረድ እንደማይቻል ደጋግመው ነገሩት። ኡሳማ ይህን ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ታላላቅ ሶሐባዎች ያሉበትን ሠራዊት እንዲመራ ተሾመ። ነቢዩ ካለፉ በኋላ ሠራዊቱ ሲወጣ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) በእግራቸው፣ የሐበሻዊቷ ልጅ በፈረስ ላይ ሆነው ሸኙት።

የመጨረሻ ዘመኗ

ነቢዩ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ካለፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ነቢዩ ያደርጉት እንደነበረው ኡሙ አይመንን ሊዘይሩ ሄዱ። ሲያዩዋት አለቀሰች። ነቢዩ ወደሚሻላቸው እንደሄዱ ሲያጽናኗት፣ ያን እንደምታውቅ፣ የምታለቅሰው ግን ወሕይ ከሰማይ መምጣቱ ስለተቋረጠ መሆኑን ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ያሳደገችውን ልጅ ቀብራ፣ የሐዘኗ ሐዘን ግን የመላው ኡማ ጉዳይ ነበር። አንዳንድ ዘጋቢዎች ከነቢዩ በኋላ በወራት ውስጥ፣ ሌሎች በዑሥማን (ረ.ዐ.) ኺላፋ መጀመሪያ እንዳረፈች ጽፈዋል። አላህ ይውደድላት።

ለእኛ ምን ይለናል?

አንደኛ፣ ልጅ ከቃል በፊት ሰውን ያነባል። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ ለልጆች ሁለት ታሪክ ይነግር ነበር። አንዱ ልጅ በር ሲከፍት ሳያውቅ ዐሥራ አምስት ኩባያ ይሰብራል፤ ሌላው ተደብቆ ጣፋጭ ሊወስድ ሲንጠራራ አንድ ኩባያ ይሰብራል። ትንንሾቹ ብዙ የሰበረው ይብሳል አሉ። ትልልቆቹ ግን ሐሳቡን፣ በእኛ አነጋገር ኒያውን፣ መዘኑ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄው ቀለል ሲል ትንንሾቹም ኒያን ማስተዋል እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ፉቀሃችን ተምዪዝ የሚሉት፣ ልጅ ነገርን መለየት የሚጀምርበት ዕድሜም ሰባት ዓመት አካባቢ ነው። ሶላት እንዲታዘዝ የተባለው በሰባት ዓመቱ ነው፤ ስለ ቅጣት የሚነሳውም ከዐሥር ዓመት ወዲህ ላለው ልጅ ነው።

እንግዲያውስ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ሎህ ይዞ ፊደል ስለተሳሳተ በአለንጋ የሚመታው በየትኛው ማስረጃ ነው? ይህን የሚያደርጉ አስተማሪዎች በክፉ ልብ ላያደርጉት ይችላሉ፤ እነሱም ሲመቱ አድገው ይሆናል። ልጁ የሚይዘው ግን ፊደሉን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው። በክረምት የምናስቀራ ሁላችን አለንጋውን ከእጃችን ማውጣት አለብን። አነስ (ረ.ዐ.) በዐሥር ዓመቱ ነቢዩን ማገልገል ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ ኡፍ እንዳላሉት ራሱ ተናግሯል።

ሁለተኛ፣ ልጅ የሚያድገው በትላልቆች መሐል ተቀምጦ ነው። የዐብዱል ሙጦሊብ ምንጣፍ የሚያስተምረን ይህን ነው። በአፋር ባህላችን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ማዳመጥን፣ እውነት መናገርን፣ ተራ መጠበቅን ያለ መጽሐፍ ይማራል። ስልክ ሰጥተን ጥግ የምናስቀምጠው ልጅ ይህን ከየት ያገኛል?

ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉ ይከብዳል። ዛሬ በሰመራና በሎጊያ በኩል አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ከወሎም ከሌላም አካባቢ ይመጣሉ፤ በአዋሽ መንገድ ሲያልፉ እናያቸዋለን። የሚደርሱት ብዙዎቹ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። እዚሁ ከተሞቻችን ውስጥም ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ሕፃናትን አዝለው ይውላሉ። የሚያዝሉት ልጅ ማን ሰው እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚማረው በቤቱ ያሉት ትላልቆች እሷን እንዴት እንደሚጠሯት፣ ከየትኛው ሰሐን እንደሚያበሏት፣ ስትታመም ምን እንደሚያደርጉ እያየ ነው። አዘዋዋሪ ደላላውን ማውገዝ ቀላል ነው፤ በገዛ ቤታችን ያለችውን እህት በስሟ ጠርቶ ሰላም ማለት ግን ዛሬ የሚጀመር ሥራ ነው።

የነቢያት መደምደሚያ የሆኑት ሰው ያደጉት በአንዲት ሐበሻዊት ሞግዚት እጅ ነው። ካደጉ በኋላ ነፃ አወጧት፣ ዳሯት፣ ዘየሯት፣ እናት አሏት። ልጆቻችንን ለሚያሳድጉ ሴቶች ከዚህ ያነሰ የምንሰጥ ከሆነ ሱንናውን ተከትለናል ማለት አንችልም።

አላህ ኡሙ አይመንን በጀነት ከወደደቻቸው ጋር ያድርጋት፤ ለእኛም ለልጆች የሚራራ ልብ፣ ላሳደጉን ሰዎች የሚያመሰግን አንደበት ይስጠን። አሚን።