ሻርሎት ብሮንቴና «ጄን ኤር» የተባለው መጽሐፏ

ስለ ፍቅር የሚጽፍ ደራሲ ሲባል፣ ብዙ ሰው በተድላ የኖረና በሁሉ ዘንድ የተወደደ ሰው ይታየዋል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሻርሎት ብሮንቴ ግን እንዲህ አልነበረችም። ቁመቷ አጭር፣ መልኳ ተራ፣ ዐይኗ ደካማ፣ የቤተሰቧም ኑሮ ዝቅተኛ ነበር። ይሁን እንጂ «ጄን ኤር» የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፏ ከታተመ ከ170 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይነበባል። ይህ መጽሐፍ ከምን እንደ መነጨና እንዴት እንደ ተጻፈ ለማወቅ የደራሲዋን ሕይወት ከልጅነቷ ጀምሮ መመልከት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻርሎት በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር አውራጃ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1816 ተወለደች። አባቷ ፓትሪክ ብሮንቴ ከአየርላንድ የመጡ ቄስ ነበሩ። በ1820 ሃዎርዝ በምትባል መንደር ተሹመው ቤተሰባቸውን ይዘው ገቡ። የሚኖሩበት ቤት ፊት ለፊቱ መካነ መቃብር፣ ከበስተኋላው ደግሞ ነፋስ የማይለየው ገላጣ ኮረብታ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እናቲቱ ስድስት ልጆች ትታ ሞተች።

በ1824 አባትየው አራቱን ሴቶች ልጆች የቄሶች ልጆች ወደሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳቸው። በዚያም ምግቡ መጥፎ፣ ብርዱም ብርቱ ነበር። ሁለቱ ታላላቆች ማሪያና ኤልሳቤጥ ታመው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ በ1825 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ሻርሎት ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ኀዘን ከልቧ ሳታወጣ ቆይታ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለ ጄን ኤር ትምህርት ቤት ስትጽፍ ያንኑ ብርድ፣ ያንኑ ረኃብና የታላቅ እኅቷን ትዕግሥት በመጽሐፉ ውስጥ አስገባችው።

የድርሰት ሥራዋ የተጀመረው በጨዋታ ነው። በ1826 አባትየው ለወንድሟ ለብራንዌል ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች ገዝተው አመጡ። በሕይወት የቀሩት አራቱ ልጆች ለየወታደሩ ስም አወጡለት፤ አገርና ንጉሥ ፈጠሩለት። ቀጥሎም ለወታደሮቹ ቁመት የሚመጥን፣ ከመዳፍ ያነሰ መጽሐፍ እየሰፉ ታሪካቸውን በደቃቅ ፊደል ይጽፉ ጀመር። ሻርሎት ይህን ልማድ ካደገች በኋላም አልተወችም።

አስተማሪ ሆና ስትሠራ በ20 ዓመት ዕድሜዋ ግጥሞቿን በዘመኑ ስመ ጥር ለነበረው ባለቅኔ ለሮበርት ሳውዚ ላከችለት። እርሱም ድርሰት የሴት መተዳደሪያ ሊሆን እንደማይገባው በትሕትና መለሰላት። ሻርሎት አመስግና ደብዳቤውን በጥንቃቄ አስቀመጠችው፤ መጻፉን ግን ቀጠለች።

በ1842 ከእኅቷ ከኤሚሊ ጋር የፈረንሳይኛ ቋንቋ ለማሻሻል ወደ ብራሰልስ ሄደች። መምህሯ ሙሴ ኮንስታንቲን ኤዤ ጽሑፏን እየመረመሩ፣ ለሐሳቡ የማይጠቅመውን ቃል ሁሉ ቆርጣ እንድትጥል አስተማሯት። ሻርሎት ግን ከትምህርቱ ሌላ ደግሞ መምህሩን ወደደች። ሙሴ ኤዤ ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነበሩ። በ1844 ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ እየደጋገመች ጻፈችላቸው፤ እሳቸው ግን ዝም አሉ። የፖስታውን ሰዓት በጭንቀት እየጠበቀች ብዙ ወራት አለፉ።

በ1846 ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን ግጥሞቻቸውን በገዛ ገንዘባቸው አሳተሙ። ሴቶች መሆናቸው እንዳይታወቅ ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል በሚል ስም ተሸሸጉ። መጽሐፉ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አባቷን የዐይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ወደ ማንቸስተር ወሰደቻቸው። ሕክምናው ያለ ማደንዘዣ ተደረገ። በዚያው ቀን «መምህሩ» የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ከአታሚ ተመልሶ መጣላት። አባትየው በጨለማ ክፍል ተኝተው፣ እርሷም ጥርሷን እያመማት፣ በዚያ በኪራይ ቤት «ጄን ኤር»ን መጻፍ ጀመረች።

የሦስቱ እኅትማማች ልማድ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የቤት ሥራቸውን አስቀምጠው፣ በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ እየተመላለሱ ስለ ድርሰታቸው መነጋገር ነበር። ባለታሪኳ ሴት ሁልጊዜ ቆንጆ መሆን አለባት የሚለውን አስተያየት ሻርሎት ተቃወመች፤ እንደ ራሷ አጭርና መልከ ተራ የሆነች ልጅ ፈጥራ አንባቢን እንደምታስወድድ ለእኅቶቿ ነገረቻቸው።

ዐይኗ ሩቅ ስለማያይ ወረቀቱን በጠንካራ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ አድርጋ ወደ ፊቷ አስጠግታ በእርሳስ ትጽፋለች። ልትል የፈለገችው ሳይጠራላት ዐረፍተ ነገር አትጀምርም፤ ትክክለኛው ቃል እስኪመጣላትም በትዕግሥት ትጠብቃለች። አንዳንድ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ሳትጽፍ ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ስትነቃ የታሪኩ ተከታይ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። በዚህም ጊዜ ቢሆን የቤት ሥራዋን አታጓድልም። ታቢ የተባለችው አሮጊት ሠራተኛ ዐይኗ ደክሞ ድንቹን አጥርታ መላጥ ተስኗት ነበር። ሻርሎት አሮጊቷ እንዳታዝን ብላ፣ ድርሰቷን በመካከሉ አቋርጣ ተደብቃ ወደ ወጥ ቤት ትገባና ድንቹን እንደገና አጥርታ ትመለስ ነበር።

ጄን ቶርንፊልድ ከተባለው ቤት ገብታ ሚስተር ሮቸስተርን የምታውቅበት ክፍል ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልቆም አላት። ሦስት ሳምንት ያለ ማቋረጥ ጽፋ፣ ጄን ከዚያ ቤት ስትሸሽ እርሷም ትኩሳት ይዟት አረፈች። ጄን ድኻ የቤት አስተማሪ ብትሆንም በጌታዋ ፊት ራሷን አታዋርድም። ክብሯን የሚያስነካ ነገር በመጣ ጊዜ የምትወደውን ሰው እንኳ ትታ ትሄዳለች። ሻርሎት መልስ ባጣው ደብዳቤዋ ስትለማመጥ የኖረችውን ያህል፣ ጄንን ቀና ብላ እንድትናገር ያደረገቻት ይመስለኛል።

በ1847 «መምህሩ»ን፣ ቀድሞ የመለሱት አታሚዎች አድራሻ ተሰርዞ በሚታይበት በዚያው መጠቅለያ፣ ስሚዝ ኤልደር ወደተባለው የሎንዶን ማተሚያ ቤት ላከችው። እነርሱም አልተቀበሉትም፤ ነገር ግን ሌላ ረዘም ያለ ሥራ ካላት እንድትልክ በአክብሮት ጻፉላት። «ጄን ኤር»ን ላከች። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጆርጅ ስሚዝ አንድ እሑድ ጧት ማንበብ ጀምሮ ሳይጨርስ አልተኛም። መጽሐፉ ኦክቶበር 19 ቀን 1847 ወጥቶ ወዲያው ዝነኛ ሆነ።

ደስታው ግን አልቆየም። ከሴፕቴምበር 1848 እስከ ሜይ 1849 ባሉት ዘጠኝ ወራት ውስጥ ብራንዌል፣ ኤሚሊና አን ተከታትለው ሞቱ። ከእንግዲህ ማታ በጠረጴዛው ዙሪያ የምትመላለሰው ሻርሎት ብቻዋን ነበረች፤ የእግሯን ድምፅ የሰማች የቤቱ ሠራተኛ ልቧ ይነካ እንደ ነበር ተናግራለች። እንዲህም ሆና «ሸርሊ»ን በ1849፣ «ቪሌት»ን በ1853 አሳተመች። በ1854 የአባቷን ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስን አገባች፤ ጥቂት ወራት በደስታ ከኖረች በኋላ ማርች 31 ቀን 1855 በ38 ዓመቷ አረፈች። «መምህሩ» የታተመው ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የባለቅኔውን ምክር እንደ መጨረሻ ፍርድ ቆጥራ ቢሆን፣ ወይም የተመለሰውን ጽሑፍ ከሣጥን ውስጥ ጥላው ቢሆን፣ ጄን ኤርን ማንም ባላወቃት ነበር። በየክፍላችን በመልኳ ወይም በልብሷ ተንቃ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ብትኖር፣ በደብተሯ ምን እንደምትጽፍ ሳናውቅ አንናቃት።